የማን ልጅ ናት?

እስቲ ጠጋ በሉና አንድ ነገር ላውጋችሁ። ወጉ ስለ አንዲት ዘፋኝ ነው። ስሟን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ነገሩ ተወልዶ ያደገው በእነሱ አገር ነውና።

ጊዜው ጥር 2021 ነው። ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ ከምድር በታች በሚወርድ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራ ነበር። ዲሲ የኖረ ሐበሻ ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ እሱ ባይሠራው ወንድሙ ወይ አክስቱ ሠርተውታል። የመስታወት ቡዝ፣ አንድ ወንበር፣ እግር ሥር የምትቀመጥ ማሞቂያ፣ ቲኬት የሚተፋ ማሽን። በደህናው ጊዜ ከእራት የሚመለሰው፣ ከቲያትር የሚወጣው ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ይርመሰመስበታል። ያን ሰሞን ግን ኮሮና ከተማውን አራቁቶት ነበር። ቢሮው ተዘግቷል፤ ምግብ ቤቱ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሏል፤ መቶ መኪና በሚውልበት ወለል ላይ ሦስት መኪና ያድራል። የኮንክሪት ዝምታ ደግሞ ከሌላው ዝምታ ይከብዳል። ከጣሪያው ጥግ የምትወርድ የውሃ ጠብታ እንኳ አዳራሹን ሞልታ ትመለሳለች።

ያን ዝምታ የምገፋው በሙዚቃ ነበር። አንዱን ጆሮዬን ለመኪና ትቼ በአንዱ ኢርፎን ሰክቼ እሰማለሁ። እሁድ እለት የእህቴ ልጅ ስልኬን ተቀብላ የራሷን ዘፈን ስትከፍትበት ውላ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ያን ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ «ይህች ልጅ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው ምን ይሆን?» አልኩና የተወችውን ዘፈን ከቆመበት አስቀጠልኩት። ጋላክሲ 500 የሚባል ባንድ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ የሚመስል ጊታር። አለቀ። ስልኩን ግን አልነካሁትም። ሙዚቃው በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ ሌላ። ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ላይ ከወንበሬ ቀና አልኩ።

ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሴትዮዋ አትዘፍንም። ታወራለች።

ጊታሩ ጥርት ያለ ነው፤ ብዙ ሮክ ላይ እንደምንሰማው አይጮኽም፣ አይቧጥጥም። ከበሮው ቀልጣፋ ነው፤ እንደ ፈጣን እርምጃ ወደ ፊት ይላል። ከዚያ ላይ አንዲት ሴት ታወራለች። አንድ ቃል ታነሣለች፤ ትደግመዋለች፤ ትሠልሰዋለች፤ ቃሉ ትርጉሙን ጥሎ ድምፅ ብቻ እስኪሆን ትመላለስበታለች። ከዚያ ድንገት ትተወውና ወደ ሌላ ትዘላለች። አንዴ አፏን እንደፈታች ሕፃን ቃሉን በምላሷ ታገላብጠዋለች። አንዴ በር ላይ ቆማ የረሳችው ነገር እንደታወሳት ሰው ትጣደፋለች። ዜማ ሊመጣ ሲል ትሰብረዋለች፤ አይመጣም ስትሉ ደግሞ ብቅ ታደርገዋለች።

እንግሊዝኛዬ ደንበኛ ለማስተናገድ የሚያንስ አይደለም፤ እሷ የምትለውን ግን ከአምስቱ አንዱን ነው የያዝኩት። ቢሆንም ውስጤ ገባ። ለምን እንደገባ ሳስብ የአገሬ አልቃሽ ትዝ አለችኝ። አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትቆም ከዜማና ከንግግር መሀል ነው የምትቆመው። ስም ትጠራለች፤ መልሳ ትጠራለች፤ ሰልሳ ትጠራለች። ሆዱ የሞላ ሰው እንደዚያ ነው፤ ዜማው አይበቃውም፣ ንግግሩም አይበቃውም፤ አንዱን ከአንዱ ላይ ይደርባል። የዚህች ሴት ግን ለቅሶ አልነበረም። ደስታ ነበር፤ ደስታ ሞልቶባት ነበር። ደስታም ለካ እንዲህ ያስደጋግማል።

ዘፈኑ አለቀ። መልሼ ከፈትኩት። ደግሜ ከፈትኩት። አንዲት መኪና መጥታ መብራቷን እስክታበራብኝ ድረስ ሰማሁት።

በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ የሚደረገውን ታውቃላችሁ። ውሃ ይቀርባል፤ ቁራሽ ይቆረሳል፤ ትንፋሹን ሲሰበስብ ጥያቄው ይመጣል፦ «የማን ልጅ ነህ?» ይህ ጥያቄ ሰውን ለመመርመር አይደለም። የማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው እንግዳው ቤተኛ የሚሆነው፤ አባቱን የሚያውቅ ይገኛል፤ አያቱ ያደሩበት ቤት ይገኛል። ስልኬ ግን እንግዳዋን ደጄ ላይ አድርሶ ዘወር አለ። ከላይ ትንሽ ካሬ ሥዕል፣ ከሥር በደቃቅ ፊደል የባንዱ ስም፦ «ላይፍ ዊዝአውት ቢልዲንግስ»። ሕንፃ የሌለበት ሕይወት ማለት ነው። እኔ ያለሁት ሕንፃ ሥር ነው፤ ሰባት ፎቅ ከላዬ ተቀምጧል። የሴትዮዋ ስም የለም። የመጣችበት አገር የለም። እናም ያን ሌሊት ጠየቅሁ፦ ይህች የማን ልጅ ናት?

እስኪነጋ ፈለግሁ። ከዚያ በኋላም በየሌሊቱ ፈለግሁ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ስሟ ሱ ቶምፕኪንስ ነው። የባንዱ አገር ስኮትላንድ፣ ከተማው ግላስጎው ነው፤ በክላይድ ወንዝ ዳር የተቆረቆረ፣ በአንድ ወቅት መርከብ በመሥራት ዓለም ያወቀው ከተማ። በዚያ ከተማ እውቅ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። በ1999 አብዛኞቹ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ባንድ አቋቋሙ፦ ሮበርት ጆንስተን በጊታር፣ ክሪስ ኢቫንስ በቤዝ፣ ዊል ብራድሊ በከበሮ። ስማቸውን ጃፓን የተባለው የእንግሊዞች ባንድ ከተጫወተው ዘፈን ወሰዱት። ድምፅ ሲያስፈልጋቸው ወደ አንዲት ሠዓሊ ዞሩ፤ ወደ ሱ። ሠዓሊ መሆኗን ስሰማ ነገሩ ተገለጠልኝ። ሠዓሊ ቀለሙን ደጋግሞ ይቀባል፤ በቀባው ላይ ይመለሳል፤ ይፍቃል። እሷም በቃል ያደረገችው ይህንኑ ነው።

በ2001 አንድ አልበም አወጡ፤ ዐሥር ዘፈን። ታግቦት የሚባል ትንሽ አሳታሚ ነው ያወጣላቸው። ስሙ «ኤኒ አዘር ሲቲ» ነው፤ ሌላ ማንኛውም ከተማ እንደማለት። እኔን ከወንበሬ ቀና ያደረገኝ ዘፈን «ዘ ሊንኦቨር» የሚባለው ነው፤ አራተኛው ላይ ይገኛል። ከአልበሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለብቻው ወጥቶ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያማ በ2002 ባንዱ ፈረሰ። አንድ አልበም፣ በቃ። ሱ ወደ ጥበቧ ተመለሰች። ቃላትን በጽሕፈት መኪና በወረቀት ላይ እየመታች ሥዕል ታደርጋቸዋለች፤ ሰው ፊት ቆማም ታነባቸዋለች፣ ያንኑ መደጋገሟን እየደጋገመች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሴትዮዋ አልተሸነፈችም። ድምፅዋን ሌላ ቤት አስገብታው ነው። ከመለያየታቸው ግድም፣ በ2002 ታኅሣሥ፣ አውስትራሊያ ሲድኒ ውስጥ አናንዴል በሚባል ሆቴል የተጫወቱት ተቀርጾ ነበርና በ2007 ታተመ። በ2014 አልበሙ እንደገና በሸክላ ወጣ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያደረጉት ያልረሱ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው ቅጂውን ሳይጥል አስቀመጠ፤ ሌላው ለጓደኛው አዋሰ፤ ሌላው ይታተም አለ።

የተማሩበትን ቤት ነገርም ልንገራችሁ። የግላስጎው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዋና ሕንፃ የቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ሥራ ነው፤ ግንባታው በ1909 አለቀ። የዓለም የሕንፃ ሰዎች ሊያዩት የሚጓዙለት ቤት ነበር። ግንቦት 2014 እሳት ገባበት፤ ያ የተደነቀ ቤተ መጻሕፍቱ ወደመ። ጠግነው ሊጨርሱት ሲሉ፣ ሰኔ 2018፣ ሁለተኛ እሳት መጣና ከበፊቱ የከፋ አደረገው። ድንጋይ ተቃጠለ፤ ከዚያ ደጅ የወጡ ልጆች የተናገሩት ዘፈን ግን አንድ ክር ሳይጎድልበት ዲሲ ድረስ፣ ከምድር በታች፣ እኔ ጋ ደረሰ። የባንዱን ስም ሳስበው አሁንም ፀጉሬ ይቆማል።

አሁን ጠያቂ ቢኖር «እንዴት ደረሰህ?» ይለኛል። ደግ ጥያቄ ነው፤ እኔም ጠይቄዋለሁ።

የሰፈራችንን ባለሱቅ አስቡት። ሻማ የገዛ ክብሪት እንደሚገዛ ያውቃል፤ ሳትጠይቁት ክብሪቱን ከሻማው ጎን ያኖረዋል። የሙዚቃው ማሽንም ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚያየው ደንበኛ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር መሆኑ ነው። ይህን የሰማ ሰው ከዚያ ቀጥሎ ምን ሰማ? የትኛውን ሳይጨርስ አለፈው? የትኛውን መለሰው? ዘፈናችሁ ሲያልቅ ዝም እንዳይባል ከዚህ መዝገብ አውጥቶ ያስከትላል።

ያ የእህቴ ልጅ የተወችው የጋላክሲ 500 ባንድ በዚህ ነገር የታወቀ ታሪክ አለው። ከማሳቹሴትስ ነው፤ በ1991 ፈርሷል። የከበሮ መቺው ስም ዴመን ክሩኮውስኪ ይባላል። ይህ ሰው አንድ ቀን የባንዱን የስትሪሚንግ ቁጥር ሲያይ «ስትሬንጅ» የሚባለው ዘፈናቸው ሌሎቹን ሁሉ ጥሎ ሄዷል። በ1989 አልበማቸው ውስጥ ያለ፣ ለብቻው እንኳ ወጥቶ የማያውቅ ዘፈን ነው። ነገሩ ሲጠና ምክንያቱ ተገኘ። ስፖቲፋይ የተባለው የሙዚቃ መተግበሪያ በ2017 መጀመሪያ ላይ ዘፈን ሲያልቅ በራሱ ሌላ እንዲቀጥል አድርጎ ነበር፤ «ስትሬንጅ» ደግሞ ከባንዱ ዘፈኖች ሁሉ ይልቅ የሌሎች ባንዶችን ዘፈን የሚመስለው ነው። ጎረቤቱን ስለመሰለ ከጎረቤት ቀጥሎ ተጠራ።

ይህን ሳውቅ ግር አለኝ። ሱ ቶምፕኪንስ ማንን ትመስላለች? ማንንም! ታዲያ ማን ጠራት?

መልሱን የሰጠችኝ የእህቴ ልጅ ናት። በቀጣዩ እሁድ ቡና ላይ «አንቺ፣ ይህቺን ታውቂያታለሽ?» ብዬ ከፈትኩላት። ገና ጊታሩ ሲጀምር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቃሉን ከሴትዮዋ እኩል አለችው፤ ድግግሞሹን እንኳ አልሳተችም።

«ጋሽዬ፣ ይሄ እኮ ቲክቶክ ላይ አለ! ሁሉም ሰው ያደርገዋል።»

«ምን ትላለች ግን? ገብቶሻል?»

«እኔም አይገባኝም። ግን ስለው ደስ ይለኛል።»

ለካ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ፣ ዓለም ቤቱ ተዘግቶበት በተቀመጠበት ሰሞን፣ ዘፈኑ ሲወጣ ያልተወለዱ ልጆች ያቺን ቁራጭ እየወሰዱ በየክፍላቸው በከንፈራቸው ይከተሏት ነበር። ብቻቸውን የተቀመጡ ልጆች ቃል እየደጋገመች የምትፈነድቅ ሴት አገኙ። ከዚያ ሙሉውን ዘፈን ፈለጉ፤ ማሽኑ የእነሱን ዱካ አየ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ያንን ዱካ ተከትሎ ነው የመጣው። አያችሁ? ማሽኑ ያገኘው ነገር የለም። አንድ ሰው ሸክላውን አልጣለም፤ አንድ ሰው ዳግመኛ አሳተመው፤ አንድ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ማሽኑ የሰው እግር የረገጠውን መንገድ ነው ያነበበው።

ስለዚህ እዳ ያለብኝ መሰለኝ። ዘፈን በስልክ ስንሰማ ለአንድ ጊዜ መስማት የተቆረጠ ዋጋ የለም። ስፖቲፋይን ብንወስድ ገንዘቡ አንድ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ለየባለመብቱ በተሰማለት ልክ ይከፋፈላል። ሠላሳ ሰከንድ ያልተሰማ አይቆጠርም። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በዓመት አንድ ሺህ ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ከማሰሮው ድርሻ የለውም። ለትልቁ ዘፋኝ ማሰሮው ይሞላል፤ አንድ አልበም አውጥቶ ወደ ቤቱ ለገባ ግን ጠብታው ቀጭን ነው። እኔ በሌሊት ሺፍቴ ዘፈኑን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ ስኒ ቡና እንደማይገዛ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ በደመወዜ ቀን ሸክላውን አዘዝኩ። እኔ ማጫወቻ የለኝም። የእህቴ ልጅ ግን አላት፤ የዘንድሮ ልጆች ሸክላ ወደዋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ሰው ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ያን ሰሞን ቡዜ ውስጥ ተቀምጬ ደጋግሜ የማስበው ኃይሉ መርጊያን ነበር። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ፣ የአዲስ አበባ ሂልተንን ምሽት ያደመቀው። በ1981 ባንዱ አሜሪካን ሲዞር መጣና እዚሁ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ ካሴት ሠራ፤ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን። ከዚያ ታክሲ ያዘ። ለዓመታት ዲሲ አጠገብ ባለው ዳለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲያደርስ ኖረ። ኪቦርዱን ከኋላ ኮፈን ውስጥ ይዞ፣ በተራ መጠበቂያው ላይ ሥራ እስኪደርሰው ይለማመድ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው ስንቱ «ማን ነህ?» ብሎት ይሆን?

ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት ያገኛል። ካሴቱን ወደደውና ዝም አላለም፤ «ይህ ሰው ማን ነው? የት ነው?» ብሎ ፈለገው። አገኘውም። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉ መድረክ ላይ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ከካሴቱ እስከ ዳግም እትሙ 28 ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙዚቃው አልጠፋም፤ ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ነበር። የጎደለው አንድ ሰው ቆሞ ስም መጠየቁ ነበር።

እኔም በቲኬት ቁጥር የምኖር ሰው ነኝ። ሰው ሲገባ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ ሲወጣ ቁጥሩን እቀበለዋለሁ። ለእሱ መስታወት ውስጥ ያለ እጅ ነኝ፤ ለእኔም እሱ ከመስኮት የወጣ እጅ ነው። በዚህ አልቀየምም፤ ሥራው እንዲህ ነው። ግን ያ ድምፅ ሌሊት በጆሮዬ ሲገባ እጅ ብቻ ሆኖ እንዲያልፍ አልፈቀድኩም። ድምፅ የሰጠችኝን ሴት ስሟን ማወቅ ነበረብኝ።

ሸክላው የደረሰው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እሁድ ይዤው እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ከፍታ አሸተተችው፤ አዲስ መጽሐፍ የሚያሸቱ ልጆች እንደሚያደርጉት። ማጫወቻው ላይ አኑራው ከመጀመሪያው ጀመርን። እኔም የአራቱን ስም አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ከተማውን ነገርኳት፤ የተቃጠለውን ቤት ነገርኳት፤ ሴትዮዋ አሁን ቃል እየጻፈች እንደምትስል ነገርኳት። እስከ ዐሥረኛው፣ «ሶሮው» እስከሚባለው፣ ቀስ ብሎ እስከሚሄደው ዘፈን ድረስ ሁለታችንም አልተነሣንም። እህቴም ሁለተኛውን ቡና ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ሲያልቅ ስልኬን አወጣሁና የእኛን ሰው ከፈትኩ። ምንም አልተናገርኩም። አኮርዲዮኑ ገባ። ልጅቷ ትንሽ ሰማች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

«ጋሽዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

ነገርኳት። ዳለስ ኤርፖርት ስላት ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከቤታቸው ሩቅ አይደለማ፣ አያቷን የተቀበልናቸው እዚያ ነው። ስልኳን አነሣችና ለጓደኛዋ ዘፈኑን ስትልክ አየሁ። ሊንኩን ላከች። አውራ ጣቷ ቆመ፤ እንደገና ወደ እኔ ዞራ አጻጻፉን ጠየቀችኝ፤ ፊደል በፊደል ነገርኳት። ከሊንኩ ሥር ስሙን ጻፈች።